ለኪራይ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት፦ መብራቱን፣ ውሃውንና ፍሳሹን እንዴት እንደምትፈትሹ

አዲስ አበባ ውስጥ ለኪራይ ብሎ ቤት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ያጣራል። ካርታው ንጹህ ነው ወይ? ሰፈሩ ተከራይ አያጣም ወይ? ዋጋው ትንሽ ይቀንሳል ወይ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ግን ቤቱ ከተገዛ በኋላ ኪስ የሚያራቁተው ሌላ ነው፤ ግድግዳና መሬት ውስጥ የተቀበረው ሽቦ፣ ቱቦና ጉድጓድ። አዲስ ቀለም ሁሉንም ይሸፍነዋል። ስለዚህ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ምን ምን እንደምታዩና እንዴት እንደምታዩት አንድ በአንድ ላስቀምጥላችሁ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ይያዝልኝ። የኪራይ ቤት ከመኖሪያ ቤት ይለያል። በራሱ ቤት የሚኖር ቤተሰብ የቤቱን ጠባይ ያውቀዋል፤ ምጣድ ሲጣድ ቦይለር ይጠፋል፣ ልብስ ማጠቢያው ማታ ብቻ ይሠራል፣ ይኼኛው ሶኬት አይነካም። ተከራይ ይኼን አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። አንድ ዋና ቤትና አራት ሰርቪስ ያለው ግቢ ብትገዙ የበዓል ዋዜማ ዕለት አምስት አባወራ በአንድ ምሽት እንጀራ ሊጋግር ነው። ቤቱን መፈተን ያለባችሁ ለዚያ ምሽት ነው። ባዶ ቤት ውስጥ ገብቶ አምፖል አብርቶ ማጥፋት ፈተና አይባልም። ጫን አድርጉበት።

ሌላም ምክንያት አለ። በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ኪራይም እንደ ድሮው አከራዩ በፈለገው ጊዜ የሚጨምረው ነገር አይደለም። «ልግዛው፣ ችግር ካለ ኪራይ ጨምሬ አሠራዋለሁ» የሚለው ስሌት ከእንግዲህ አያዋጣም። የጥገናው ወጪ መታወቅ ያለበት ዋጋ ስትደራደሩ ነው።

መቼ ሄዳችሁ፣ ምን ይዛችሁ

ደላላው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሊያሳያችሁ ይፈልጋል። ሂዱ፣ ጣራና ግድግዳ በብርሃን ነው የሚታየው። ግን ሌላ ቀን ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ተመለሱ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያበስለው ያኔ ነው፤ የመብራቱ ጉልበት የሚታወቀውም ያኔ ነው። ሻጩ «ማታ አይመቸኝም» ካለ ደጋግማችሁ ጠይቁ። ከናካቴው እምቢ ካለ ያ ራሱ መልስ ነው።

ባትሪ፣ ቴስተር፣ 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ያዙ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያና አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ይዛችሁ ሂዱ፣ የቀን አበላቸውን ክፈሏቸው። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ከነዳጅና ኢነርጂ ባለስልጣን የብቃት ማረጋገጫ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ደላላው ወይም ሻጩ «እኔ ሰው አለኝ» ካለ አመስግናችሁ የራሳችሁን አምጡ። ማከፋፈያውን፣ ማለትም ብሬከሮቹ የተደረደሩበትን ሳጥን፣ ከፍቶ ማየት የባለሙያው ሥራ ነው፣ እናንተ እጃችሁን እንዳታስገቡ።

አንደኛ፦ ቆጣሪው

ከደጅ ጀምሩ። ከምሰሶው ወደ ቤቱ የሚመጣውን ገመድ በዓይናችሁ ተከተሉት። መሀል ላይ በፕላስተር የተጠቀለለ ቅጥያ አለ? ቆርቆሮ ይነካል? ዛፍ ውስጥ ያልፋል? ከምሰሶ የሚመጣው ገመድ አሉሚኒየም ከሆነና ቤቱ ውስጥ ካለው የመዳብ ሽቦ ጋር በማገናኛ ሳይሆን እንዲሁ ተጠማዞ ከተያያዘ መገናኛው ከጊዜ ጋር ይላላል፣ ይሞቃል፣ ይቃጠላል። ብዙ ቤት «መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል» የሚባለው ከዚያ ነው።

ከዚያ ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ ጠይቁ። ስሙ ካርታው ላይ ካለው ሰው ጋር ካልተመሳሰለ ለምን እንደሆነ ይነገራችሁ። የድሮ ቆጣሪ ከሆነ የመጨረሻዎቹን ወራት ደረሰኝ፣ የካርድ ከሆነ የተሞላበትን ደረሰኝ ሻጩ ይዞ ይምጣ። ዕዳ ካለ ቆጣሪው ላይ ነው የሚቆየው፣ ሻጩ ሄዶ እናንተ ትቀራላችሁ።

አሁን ሁለት ቀላል ሙከራ አድርጉ። መጀመሪያ ዋናውን ብሬከር አጥፉና ግቢውን በሙሉ ዙሩ። ሰርቪስ ቤት፣ ጥበቃ ቤት፣ ሱቅ ካለ ሱቁ፣ ሁሉም መጥፋት አለበት። አንድ ግቢ ውስጥ ዋናው ብሬከር ጠፍቶ የኋለኛው ክፍል ፍሪጅ ሲሠራ አይቻለሁ። ሽቦው ከቆጣሪው በፊት ተስቦ ነው የሄደው። ይኼ የመብራት ስርቆት ነው፣ ቅጣቱም የሚመጣው ቤቱን በያዘው ላይ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ የዚህ ተቃራኒ ነው። ዋናውን አብሩትና ውስጥ ያለውን ሁሉ ነቅሉ። ፍሪጁን፣ ቦይለሩን፣ ቻርጀሩን፣ አንድም አይቅር። ከዚያ የቆጣሪዋን መብራት ለአምስት ደቂቃ ተመልከቱ። ብልጭ ማለቷን ከቀጠለች ወይ ሽቦው የሆነ ቦታ ያፈሳል፣ ወይ ጎረቤት ከእናንተ ቆጣሪ እየተጠቀመ ነው።

ስንት ቆጣሪ እንዳለም ቁጠሩ። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በኪሎዋት ሰዓት የሚከፈለውም ይጨምራል። አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ድምሩ ውዱ እርከን ላይ ይወጣል። ለየብቻቸው ቢሆን ግን ብዙዎቹ ዝቅተኛው ላይ በቀሩ ነበር። ከዚያ በላይ ደግሞ ንዝንዙ አለ፤ «እኔ ምጣድ የለኝም፣ ለምን እኩል እከፍላለሁ?» የሚለው ክርክር በየወሩ እናንተው ጋ ነው የሚመጣው። ለየክፍሉ የውስጥ ቆጣሪ ማስገጠሚያ ወጪውን ከአሁኑ አስቡት።

ሁለተኛ፦ ማከፋፈያውና ብሬከሮቹ

ባለሙያው ሽፋኑን ሲከፍተው አጠገቡ ቁሙና እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ «ይኼ ብሬከር ስንት አምፔር ነው? ከሥሩ የወጣው ሽቦስ ውፍረቱ ስንት ነው?» እነዚህ ሁለት ቁጥሮች መስማማት አለባቸው። በተለመደው አሠራር ለመብራት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ለሶኬት 2.5፣ ለምጣድና ለትልቅ ምድጃ 4 ወይም ከዚያ በላይ ሽቦ ነው የሚዘረጋው። 2.5 ሽቦ ላይ 16 ወይም 20 አምፔር ብሬከር ቢቀመጥ ደህና ነው።

አደጋው ያለው ይኼ ነው። ምጣድ ሲጣድ ብሬከሩ እየቆረጠ ያስቸግራል። አንድ ሠራተኛ ይጠራል፣ ብሬከሩን በ32 ወይም በ40 ይቀይረዋል። መቁረጡ ይቆማል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ሽቦው ግን ያው ቀጭኑ ነው። ብሬከር የተሠራው ሽቦው ከመቃጠሉ በፊት ቀድሞ እንዲቆርጥ ነበር፤ አሁን ሽቦው ቀድሞ ይቃጠላል፣ እሱም ግድግዳ ወይም ኮርኒስ ውስጥ። የኮርኒሱ እንጨት ደረቅ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ቀጭን ሽቦ ላይ ትልቅ ብሬከር ካያችሁ የዚያ መስመር ሽቦ በሙሉ የሚቀየር ነው ብላችሁ አስሉት።

የሴራሚክ ፊውዝ ያላቸው የድሮ ቤቶችም አሉ። ፊውዙ ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበት ካገኛችሁ ቤቱ ምንም መከላከያ የለውም ማለት ነው።

የመሞከሪያ ቁልፍ ያለበት ሰፊ ብሬከር መኖሩንም ተመልከቱ። 30 ሚሊ አምፔር የሚል ጽሑፍ ይኖረዋል። ሰው ሲነዝር በቅጽበት የሚቆርጠው እሱ ነው። ቁልፉን ስትጫኑት ወዲያው መውረድ አለበት። ካልወረደ ጌጥ ነው፣ ይቀየር። ከሌለ አስገጥሙ፤ ልጆች ያሏቸው ሰዎች ልታከራዩ ነው።

ሦስተኛ፦ የመሬት ሽቦው

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የመሬት ሽቦ ማለት የዕቃው አካል መብራት ሲይዝ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ ነው። ብዙ ቤት ሶኬቶቹ በጎንና በጎን የብረት ምላስ አላቸው፣ ከኋላቸው ግን ምንም ሽቦ የለም። ባለሙያው በመልቲሜትር ሦስት ጊዜ ይለካላችሁ። ከፌዝ (መብራት ከሚያመጣው ሽቦ) እስከ ኒውትራል (መላሹ ሽቦ) 220 አካባቢ። ከፌዝ እስከ ጎን ምላሱ እሱም 220 አካባቢ። ከኒውትራል እስከ ምላሱ ዜሮ ወይም ጥቂት ቮልት። ሁለተኛው ልኬት 60 ወይም 100 እያለ ከዋለለ ምላሱ የትም አልታሰረም።

አንድ ማታለያም አለ። ሶኬቱ ውስጥ ምላሱን ከኒውትራል ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኙታል። ልኬቱ ያምራል። ኒውትራሉ አንድ ቀን የተበጠሰ ዕለት ግን የፍሪጁም የምጣዱም አካል 220 ይሸከማል። ስለዚህ በልኬት ብቻ አትርኩ፤ አንድ ሁለት ሶኬት ተፈቶ ይታይ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረው የመዳብ ዘንግ የት እንዳለም ይታይ። ሻጩ የዘንጉን ቦታ ካላወቀው፣ ባለሙያውም ፈልጎ ካጣው፣ የለም ብላችሁ ቁጠሩት።

በተለይ መታጠቢያ ቤቱ። ቦይለሩ የመሬት ሽቦ ከሌለው ውስጡ ያለው ማሞቂያ የተበላሸ ቀን ውሃው ራሱ ይነዝራል። «ሻወሩ ትንሽ ነዘር ያደርጋል» ብሎ ቀለል አድርጎ የሚያወራ ሻጭ አጋጥሞኛል። እርጥብ እግር ላይ ትንሽ የሚባል ንዝረት የለም፣ ሰው ይገድላል።

አራተኛ፦ የምሽቱ ፈተና

አሁን ምሽት ነው፣ ቤቱን ጫኑት። የእንጀራ ምጣድ ከ3.5 ኪሎዋት ያላነሰ ይወስዳል፣ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር መሆኑ ነው። ቦይለር 1.5 ወይም 2 ኪሎዋት ይጨምራል፣ ምድጃም እንደዚያው። መጀመሪያ ምንም ሳይበራ ቮልቱ ይለካ። ከዚያ ምጣዱን፣ ቦይለሩን፣ ምድጃውን አብሩና እንደገና ይለካ።

ሳይጫንም ገና ከ200 በታች ከሆነ ችግሩ የቤቱ አይደለም፣ የሰፈሩ መስመር ወይም ትራንስፎርመር ነው። ሻጩ ሊያስተካክለው አይችልም፣ እናንተም አትችሉም። ይኼ ዋጋ ላይ መቆጠር አለበት። ሳይጫን 220 የነበረው ሲጫን ወደ 195 ከወረደ ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ውስጥ ወይም ከምሰሶ በሚመጣው ገመድ ላይ ነው፤ ሽቦው ቀጥኗል ወይም የሆነ መገናኛ ላልቷል።

ለግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት። ከዚያ የእጃችሁን ጀርባ ወደ ብሬከሮቹ ፊት አስጠጉ፣ የሶኬቶቹን ሽፋን ዳሰስ አድርጉ። ለብ ማለቱ ያለ ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ አጥፉ። አሽትቱም፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከዓይን ቀድሞ ይናገራል። ምጣዱ የሚሰካበት ሶኬት ጠርዙ ቡናማ ሆኖ፣ አንደኛው ቀዳዳ ቀልጦ ወደ ጎን ሸሽቶ ካያችሁት ያ ቤት ሲጋገርበት የኖረው በዲቫይደር ወይም ባልተጠበቀ መስመር ነው። ለእያንዳንዱ ኩሽና ከማከፋፈያው በቀጥታ የሚመጣ የምጣድ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልጋል።

ተከራዮች ካሉ ሻጩ በሌለበት አናግሯቸው። «እህቴ፣ ምጣድ ስትጥጂ መብራት ይቆርጣል?» ብላችሁ ስትጠይቁ የምታገኙት መልስ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል።

አምስተኛ፦ ውሃው

የአዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ነው። ሻጩ «ውሃ ችግር የለም» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ከጎረቤት ወይም ጥጉ ላይ ካለው ሱቅ አጣሩ፦ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሌሊት ነው ወይስ ቀን? በራሱ ግፊት ሮቶው ላይ ይወጣል ወይስ በፓምፕ?

ከዚያ አስሉ። ግቢው ውስጥ 12 ሰው ይኖራል እንበል፣ እያንዳንዱ ቆጠብ አድርጎ በቀን 60 ሊትር ቢጠቀም 720 ሊትር ነው። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣ ከሆነ ከ5,000 ሊትር በላይ ማጠራቀም አለባችሁ። ግቢው ውስጥ ያለው አንድ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ከሆነ አልበቃም። ትልቅ ሮቶ ስታስቡ ደግሞ ክብደቱን አትርሱ፤ 2,000 ሊትር ውሃ ሁለት ቶን ነው። ማማው በቀጭን ብረት የተበየደ፣ እግሩም የዛገ ከሆነ ባለሙያ ይየው።

የመብራቱን ሙከራ እዚህም ድገሙት። ወደ ሮቶው የሚገባውን ጨምሮ ቧንቧውን ሁሉ ዝጉና የውሃ ቆጣሪውን ተመልከቱ፤ እየዞረ ከሆነ መሬት ውስጥ የሚያፈስ ቱቦ አለ። ከዚያ ሻወሩንና የኩሽናውን ቧንቧ አንድ ላይ ክፈቱና ባልዲውን ሙሉ። 10 ሊትር በአንድ ደቂቃ አካባቢ ከሞላ ጥሩ ነው፤ ሁለት ደቂቃን ካለፈ ግፊቱ ደካማ ነው ወይም ቱቦው ተዘግቷል። የድሮ የብረት ቱቦ ያለበት ቤት ጠዋት መጀመሪያ ሲከፈት ቡናማ ውሃ ያወጣል። ውስጡ በዝገት ጠቧል። በፕላስቲክ ቱቦ መቀየር ነው መፍትሄው፣ ያ ደግሞ ሴራሚክ ያስነሳል፣ ዋናው ወጪ እሱ ነው።

ስድስተኛ፦ ፍሳሹ

ሰው የሚንቀው ክፍል ይኼ ነው፣ ተከራይ የሚያስወጣውም ይኼው ነው። ቤቱ ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር ተገናኝቷል ወይስ ጉድጓድ ነው? ጉድጓድ ከሆነ መቼ ተመጠጠ? በስንት ጊዜ ይሞላል? ዋና ቤቱ ብቻ በነበረበት ጊዜ የተቆፈረ ጉድጓድ አራት ሰርቪስ ሲጨመርበት በየሁለት ሦስት ወሩ ይሞላል። የመምጠጫው ቦቴ ወደ ግቢው መጠጋት ይችላል ወይ? መንገዱ ጠባብ ከሆነ የሞላ ዕለት ትቸገራላችሁ።

ማንሆሎቹን አስከፍቱ። አንድ ሰው ሽንት ቤቱን ይልቀቅ፣ አንዱ ባልዲ ውሃ ሲንኩ ላይ ይድፋ፣ እናንተ ማንሆሉ ጋ ቁሙ። ውሃው በፍጥነት መጥቶ ማለፍ አለበት። ቆሞ ወደ ኋላ ከተመለሰ ወይ ተዘግቷል ወይ ቁልቁለቱ ልክ አይደለም። የሽንት ቤቱ ውሃ በማንሆሉ ካልመጣ የት እየሄደ ነው? ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጎርፍ መውረጃ ቦይ በድብቅ የተለቀቀ ቤት ካጋጠማችሁ የሌላ ሰው ጥፋት ልትገዙ ነው።

ጣራና ግድግዳ

ጣራው ላይ ብዙ አልቆይም። ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ፈልጉ፤ አንድ ክፍል ብቻ ኮርኒሱ አዲስ ቀለም ከተቀባ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። አሸንዳው የሚያፈስበት ግድግዳ ሥሩ ይላጣል። ከተቻለ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ዝናብ እየዘነበ እዩት። የሚያፈስ ጣራ ሥር የሽቦ መገናኛ ሳጥን ካለ ሁለቱ ችግር አንድ ይሆናል።

ሰርቪስ ክፍሎቹ መስኮት እንዳላቸውም አረጋግጡ። መብራት ሲጠፋ ተከራይ ከሰል ማቀጣጠሉ አይቀርም፣ አየር በሌለው ክፍል ውስጥ ጭሱ ሰው ይገድላል።

ኮንዶሚኒየም ወይም አፓርታማ ከሆነ

እዚህ ጉድጓዱም ጣራውም የጋራ ነው፣ ስለዚህ ማኅበሩን አናግሩ። የጋራው ፓምፕ ይሠራል? ለጥገና የተጠራቀመ ገንዘብ አለ? ሻጩ የወር መዋጮ ዕዳ አለበት? ላይኛው ፎቅ ላይ ከሆነ ውሃ በትክክል ይወጣል? ሊፍት ካለ ጄኔሬተሩ ሊፍቱን ያንቀሳቅሳል ወይስ የኮሪደር መብራት ብቻ?

አንድ ነገር ግን በፍጹም አትዝለሉ፦ ታች ያለውን ጎረቤት በር አንኳኩ። የመታጠቢያ ቤታችሁ ወለል የሚያፈስ ከሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። ኮርኒሱን እንዲያሳያችሁ በትህትና ለምኑት።

ውጭ ሆናችሁ የምትገዙ ከሆነ

ዋሽንግተንም ሆናችሁ ሪያድ፣ በወኪል የምትገዙ ሰዎች የሳሎኑን ቪዲዮ አትቀበሉ። ወንድማችሁን ወይም ወኪላችሁን እነዚህን ቅረጹልኝ በሉት፦ ዋናው ብሬከር ጠፍቶ ግቢው ሲዞር፣ የማከፋፈያው ውስጥ፣ ምጣድ በርቶ መልቲሜትሩ የሚያሳየው ቁጥር፣ የተከፈተ ማንሆል ውሃ ሲመጣ፣ የውሃና የመብራት ቆጣሪ ቁጥራቸው እንዲነበብ። ሳይቆረጥ በአንድ ቀረጻ ይሁን።

ከዚያ ወደ ዋጋው

ያገኛችሁትን ችግር በሦስት ክፈሉት። ሰው የሚገድል ነገር፣ ማለትም የመሬት ሽቦ አለመኖር፣ ያለልክ የተቀመጠ ብሬከር፣ የሚነዝር ቦይለር፣ ተከራይ ሳይገባ በፊት መሠራት አለበት። ሁለተኛው ሌላ ነገር የሚያበላሽ ነው፤ የሚያፈስ ጣራ፣ የሚያፈስ ቱቦ፣ የሞላ ጉድጓድ። ሦስተኛው መልክ ነው፣ እሱ ይቆይ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ባለሙያዎቻችሁ የዕቃና የጉልበት ዋጋ በጽሑፍ ያውጡላችሁ። ወረቀቱን ሻጩ ፊት አስቀምጡት። «ጋሼ፣ ቤትዎን ወድጄዋለሁ፣ ግን ሽቦው በሙሉ ይቀየራል፣ ዝርዝሩ ይኸው» ማለት «ትንሽ ይቀንሱልኝ» ከማለት ይልቅ ይሰማል።

ሽያጭ ውሉ ላይ የቆጣሪዎቹ ቁጥርና የዕለቱ ንባብ ይጻፍ። የመብራት፣ የውሃና የማኅበር ዕዳ እስከ ርክክቡ ቀን የሻጩ መሆኑም ይጻፍ። ከቆጣሪ ውጭ የተሳበ መስመር ካገኛችሁ ሻጩ ራሱ አስነስቶ፣ መብራት ኃይል ሄዶ ጨርሶ ይምጣ፤ እስከዚያ ቀብድ የለም። ቁልፉን ስትረከቡ ቆጣሪዎቹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ስም ማዛወሩንም በዚያው ሳምንት ጀምሩ። ተከራይ የምታስገቡት ባለሙያው ሽቦውን ጨርሶ የምሽቱን ፈተና እንደገና ከሠራላችሁ በኋላ ነው።